«ጨዋታው ሞቷል» አለኝ

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ደሜ እስካሁን እየፈላ ነው። ዛሬ ፒያሳ ኬክ ቤት የሰፈሬን ልጅ ዳዊትን አገኘሁት። ሰፈራችን ፈርሶ አምስታችንም አብሮ አደጎች በየኮንዶሚኒየሙ ከተበተንን ወዲህ የምንገናኘው በዚያ አሮጌ የኦንላይን ጨዋታ ነበር፤ ከሥራ በኋላ፣ በአንድ ቡድን፣ እየተሰዳደብን እየሳቅን። አሁን ግን ከእኔ በቀር ሌሎቹ ከገቡ ወር አልፏቸዋል።

«ምነው ጠፋህ?» አልኩት።

«ጨዋታው እኮ ሞቷል፤ ሰው የለውም» አለኝ ማኪያቶውን እያማሰለ።

«ሰው ማለት እናንተ አይደላችሁም እንዴ? ጥላችሁት ሄዳችሁ ሞተ ትለኛለህ?»

ይሄኔ ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልኩ ጮኸ። አየሁት። የሌላ አዲስ ጨዋታ መልእክት ነው፤ የአራቱም ስም በአንድ ቡድን ተደርድሯል። የእኔ ብቻ የለም።

«አንቺ አሮጌውን ስለምትወጂው ነው እኮ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

ውሸታም! መቼ ጠየቃችሁኝ? ማኪያቶዬን ሳልጨርስ ተነስቼ ወጣሁ። እስከ አራት ኪሎ በእግሬ ስሄድ ብቻዬን ስሳደብ ነበር።

ቤት ገብቼ ጨዋታውን ከፈትኩት። ተጫዋች ፈልጎ እስኪያገናኘኝ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ከማላውቃቸው አራት ሰዎች ጋር ተጫውቼ አሸነፍን፤ አንዳቸውም ቃል አልተነፈሱም። አሁን ደግሞ ዳዊት የአዲሱን ጨዋታ መጋበዣ ልኮልኛል። አልመለስኩለትም። ግን አላጠፋሁትም።