ስንታየሁ ስለ ሰማይ ሰዎች የተናገረው

ለምሳሳልህ ወንድሜ ለዱባለ፣

እንዴት ከርመሃል? የሁመራው ሙቀትና ወባው እንዴት ይዞሃል? ይታይሽስ ወገቧን ተሻላት? ህሊናና ማሙሽ አደጉልህ? እኛ ብርዱ አጥንት ድረስ ቢገባም በሕይወት አለን፤ ፈጣሪ ይመስገን። ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም። እማዬ ከኅዳር ወዲህ ከበሶ ሌላ አልቀመሰችም። ገብሱን ጎረቤት አጨደልን፣ ጎረቤት ወቃልን።

መልእክትህ ደርሶናል። ክላሽ መግዛትህንና ለጥምቀት እንደምትመጣ የላክኸው ሰው ለእማዬ ሲነግራት አጠገቧ ነበርሁ። የወንድማችንን አሟሟት የሰማኸው ከመንገደኛ አፍ ስለሆነ አሁን ከእኔ ስማው። የምትጠላውም ነገር አለበት፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው አንብበው።

በኅዳር ሚካኤል የማኅበሩ ተራ የእኛ ነበር። ስንታየሁም ሞላሌ ከሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቆ መጣ። ማኅበርተኛው ከደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ጠላ ሲጠጣ፣ መምሬ ወዳጆ ሰሞኑን ምን እያስተማረ እንደሆነ ጠየቁት። እሱም ስለ ከዋክብት ነው አለ። እያንዳንዱ ኮከብ እንደኛዋ ያለ ፀሐይ መሆኑን፣ በዙሪያቸውም ሌሎች ምድሮች ሊኖሩ እንደሚችሉ፣ ፈረንጆቹም እዚያ የሚናገር ፍጡር ይኖር እንደሆነ ብለው በትልልቅ የብረት ጆሮ አርባ ዓመት ያህል እንዳዳመጡና አንድም ድምፅ እንዳልሰሙ አጫወታቸው። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ አማተበ። መምሬ ግን፣ እግዚአብሔር የፈጠረውን ሁሉ ለእኛ የመንገር ዕዳ የለበትም፤ ቀጥል አሉት።

ካሉ ለምን አልተገኙም ብሎ የጠየቀው ዓምደ ሚካኤል ነው። ታውቀዋለህ፣ ከስንታየሁ ጋር አንድ ክፍል የተማረው፣ የእትዬ ዓለሚቱ ልጅ። በመሬት ሽግሽጉ ጊዜ አባቱና አጎቱ በአንድ ድንበር ላይ ተገዳድለው በአንድ ቀን የተቀበሩበት ነው። ስንታየሁም በደስታ መለሰለት። ርቀቱ ብዙ ነው፣ ዛሬ ቢጣሩ ድምፃቸው እኛ ዘንድ የሚደርሰው የልጅ ልጆቻችን ካረጁ በኋላ ነው አለ። ደግሞም እኛ ጆሮ ሳናወጣ ኖረው አልፈው ይሆናል፤ ወይም ፈርተው ዝም ብለው ይሆናል አለ። ከዚያ ይህን ተናገረ፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«ወይም ተላልቀው ይሆናል። እርስ በርሱ የሚተላለቅ ዘር ድምፁ ሳይሰማ ይጠፋል።»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ ዓምደ ሚካኤልን አየ። ስንታየሁ ነገሩ አልገባውም፤ ጠላውን አንሥቶ ተጎነጨ። ዓምደ ሚካኤል ተነሣ። ለድግሱ እንጨት የፈለጥንበት መጥረቢያ ከግድግዳው ሥር ነበር። አንሥቶ ስንታየሁን አንድ ጊዜ ከጆሮው ኋላ መታው፤ ሲወድቅ ደግሞ ትከሻው ላይ ደገመው። ከዚያ መጥረቢያውን እንደያዘ በገደሉ በኩል ሮጠ። ዋንጫው በደም ሞልቶ አየሁት።

በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ስንወስደው አልደረሰም። ከመንገድ አውርደነው ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር። ዓይኑን ገልጦ «ጽናት፣ ምን ብዬው ነው?» አለኝ። እኔም አሁን አታስብ አልሁት። ደግሞ ጠየቀኝ። ሳልመልስለት አለፈ።

በሰልስቱ ማግስት የአጎታችን ልጅ አብርሽ ሰዎች አስከትሎ የዓምደ ሚካኤልን ቤት አቃጠለ። የበሬዎቹን ቋንጃ ቆረጡ። እትዬ ዓለሚቱን ጎረቤት ከእሳቱ ጎትቶ ሲያወጣቸው ፀጉራቸው ተቃጥሎ ነበር። እኔ ከደጃችን ቆሜ ጭሱን ሳይ ደስ አለኝ። ይህንንም አልደብቅህም።

ከሳምንት በኋላ የስንታየሁን ቦርሳ ፈታሁ። ለትምህርቱ የሚያዘጋጅበት ደብተር ውስጥ፣ በጥቅምት ሃያ አምስት ቀን፣ ሞላሌ ሳለ የጻፈው አለ። ርእሱ «ሰማዩ ለምን ዝም አለን?» ይላል። ርቀቱንም፣ ዘመን አለመገጣጠሙንም፣ ፍርሃቱንም ጽፎታል። ያ ቃልም እንዳለ አለ፤ ከሥሩም «ዘር ስል የሰው ልጅን በሙሉ ማለቴ ነው፤ እኛም አለንበት፤ ተማሪዎቹ እንዲገባቸው በደንብ ይብራራ» ብሏል። ዱባለ፣ ወንድማችን ማብራሪያውን ሳይናገር ነው የሞተው። ሙሉ ቀን አለቀስሁ።

ደብተሩን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ተጠልለው ወዳሉት ወደ እትዬ ዓለሚቱ ሄድሁ። ለምን እንደሄድሁ እኔም አላውቀውም፤ አንጀታቸውን ላቃጥል ይመስለኛል። አነበብሁላቸው። ሰምተው ሲጨርሱ የልጃቸውን መደበቂያ ነገሩኝ።

«መሞቱ ካልቀረ አንቺ ግደዪው። አብርሽ ግን አያግኘው፤ እሱ ቆራርጦ ነው የሚጥልልኝ» አሉኝ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ከመምሬ ወዳጆ ጋር ገደሉን ወርደን ከተደበቀበት ዋሻ ደረስን። ዓምደ ሚካኤል መጥረቢያውን ይዞ ወጣ። ከስቶ አጥንቱ ቀርቷል፤ እሳት እንኳ አላነደደም፣ ጭሱ እንዳያጋልጠው። መምሬ መስቀላቸውን ዘርግተው በመካከላችን ቆሙ፣ እኔም ከኋላቸው ሆኜ አነበብሁ። ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ደብተሩን ተቀበለኝና ጽሕፈቱን ራሱ አየ።

«እኔን አልነበረም?» አለ።

«አንተን አልነበረም» አልሁት።

መጥረቢያውን ጥሎ ወደ ገደሉ አፋፍ ሮጠ። መምሬ በጋቢው ጫፍ ያዙት፣ እኔ በእግሩ ላይ ወደቅሁበት። ድንጋይ አንሥቼም ፊቱን መታሁት። አንዴ አይደለም። አፉና አፍንጫው ደም በደም ሆነ፣ እሱም አልተከላከለም። መምሬ እጄን ባይዙኝ የምተወው አይመስለኝም። ድካሙ ሲጥለኝ ግን፣ እዚህ ሞተህ አታመልጠኝም፣ ሄደህ በአፍህ ትናገራለህ አልሁት።

ወደ ፖሊስ ይዘነው ስንሄድ አጋማሽ መንገድ ላይ አብርሽ ከጓሳው ሣር ውስጥ ብድግ አለ። ምንሽሩን ደግኖ፣ ዞር በይ አለኝ። አልዞርሁም። አንዴ ተኮሰ። ጥይቱ የቀኝ እጄን ሁለት ጣቶች ይዞ ሄደ። ደሜን ሲያይ ጠመንጃውን ጥሎ እንደ ሴት ልጅ አለቀሰ። በነጠላዬ እጄን አሰርሁና ዓምደ ሚካኤልን ከፊቴ አድርጌ ፖሊስ ጣቢያ አደረስሁት። ቃሉን ሰጥቷል፣ ታስሯል። አብርሽም ቤት ስላቃጠለና ስለተኮሰብኝ እጁን ሰጠ።

እንግዲህ ጠላታችንን በሕይወት ያወጣሁት እኔ ነኝ። ይቅር ብዬው አይደለም። አሁንም በሕልሜ ያንን ድንጋይ እይዛለሁ። ግን ስንታየሁ የጻፈውን ደጋግሜ ሳነብ፣ እዚያ ማዶ ያሉት ለምን እንዳልተሰሙ የሰጠው የመጨረሻ ምክንያት ያስፈራኛል። በአንድ ቀበሌ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ፣ በአንድ ድንበርና በአንድ ቃል ስንቱን ቀበርን? አንተ ክላሽህን ይዘህ ብትመጣ የሚቀጥለው ሟች የእትዬ ዓለሚቱ ወንድም ነው፤ ቀጥሎ አንተ፤ ቀጥሎ ማሙሽ።

ሽማግሌዎቹ ከጥምቀት በኋላ ባለው ሰንበት ደሙን ሊያደርቁ ቀጥረዋል። የቤቱ ታላቅ አንተ ነህ፤ ና። ክላሹን ግን እዚያው ሽጠው። እማዬ፣ ታጥቆ ከመጣ ደጄን እንዳይረግጥ ጻፊለት ብላኛለች።

ይታይሽን ሳምልኝ። የህሊናን ግንባር፣ የማሙሽን ሁለቱንም ጉንጭ ሳምልኝ። እማዬ ግንባርህን ስማ ትመርቅሃለች። መምሬ ወዳጆ በጸሎት ያስቡሃል። ሌላ ሰው ይጻፍልሽ ቢሉኝ እምቢ ብዬ በግራ እጄ አራት ቀን ጻፍሁት፤ ያደረግሁትን ከሌላ ሰው እጅ እንድታነብ አልፈለግሁም።

እህትህ ጽናት
ቀየት፣ መንዝ
ታኅሣሥ ፳፪ ቀን ፲፱፻፺፩ ዓ.ም.