የዱባ ጋቢና ሞቀ

ውድ ኦረስት፣

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እወቅልኝ፤ ይህን የምጽፍልህ ኮቴን አውልቄ፣ ጓንቴን ወርውሬ፣ በሹራብ ብቻ ሆኜ ነው። የት ሆኜ እንደሆነ ብነግርህ አታምነኝም። መኪናዬ ዱባ ጋቢና ውስጥ፣ አንተ ትቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ! ውጪ በረዶ እየጣለ ነው፣ ሞተሩ ተነስቷል፣ እኔ ግን ግንባሬን አልቦኛል። "ደግሞ ጀመረች ይቺ ሴትዮ" እንደምትል አውቃለሁ። ግዴለም፣ እስከ መጨረሻው አንብበኝና ከዚያ ስደበኝ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ሐሙስ ነው። እንደ ልማዳችን ጠዋት በረዶ ጨዋታ አዳራሹ ውስጥ፣ በዚያ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ቡና ይዘን የሰው ሐሜት ስናጣራ፣ ኤልመር ድንገት "የኦረስትን ቤት የሚገዛ ሰው ተገኘ። የሚመጣው ሳምንት ዓርብ ይፈራረማሉ" አለ። "ልጁ ላሪሳ ሬጃይና ከተማ ውስጥ ምድር ቤቷን አሳምራ አዘጋጅታለታለች። እንግዲህ ኦረስት ወደዚህ ከተማ ላይመለስ ነው።" ሁሉም እኔን ያያሉ። ታውቃቸዋለህ፣ እኔና አንተን ካጋቡን ቆይተዋል፤ ያላወቅነው እኛው ብቻ ነን።

"ምን ታዩኛላችሁ? ሰው ቤቱን ቢሸጥ ምን አገባኝ?" አልኩና ወጣሁ። ቀጥ ብዬ የሄድኩት ወደ ዱባ ነው፤ ኮፈኗን ከፈትኩ።

ያን የዓምና ኖቬምበር ጉዟችንን እየደጋገምኩ አስበዋለሁ። አልጋና ምድጃዋን ተሸክማ የምትዞረውን አሮጌ ቤት መኪናዬን፣ ብርቱካናማ ቀለሟን አይተህ "ዱባ" ያልካት አንተ ነህ። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ብርዱን ሸሽቼ ብቻዬን አሪዞና ስወርድ ጋቢናዋ ከከተማ ሳልወጣ ነበር የሚሞቀው። አንተ አብረኸኝ በተሳፈርክበት ዓመት ግን ምን እንደነካት እንጃ፣ የዳሽቦርዱ ማሞቂያ ሰነፈ። ማራገቢያው ያጓራል፤ በቀዳዳው የሚወጣው ግን የሕፃን ትንፋሽ ያህል ነው። አንተ ፔሮጊ፣ ድንች የታጨቀበት ሊጥ፣ የሞላውን ሳህን ጭንህ ላይ ይዘህ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልለህ፣ አፍንጫህ ብቻ ቀርቶ ነበር።

"ቨርና፣ ይቺ ነገር መቼ ነው የምትሞቀው?"

"ታገሥ፣ አሮጊት ናት።"

"እኔም ሽማግሌ ነኝ! ግን ከእንቅልፌ ለመንቃት እስከ ምሳ አይፈጅብኝም!"

ስቄ ሳልጨርስ እግርህን አየሁ። በዚያ ብርድ ያደረግከው ስስ ጥቁር ካልሲ ነበር፣ ቤተ ክርስቲያን የምታደርገው። "የሱፍ ካልሲህስ?" አልኩህ። "ያ እህትህ የሠራችልህ፣ ግራጫው፣ ቀይ መስመር ያለው?" በመስኮት አሻግረህ አየህና "ጠፋ" አልክ። እኔ ምላሴ መቼ ያርፋል! "ካልሲውን የሚጥል ሰው አንድ ቀን እኔንም ነዳጅ ማደያ ጥሎኝ ይሄዳል!" ብዬ ሳቅኩብህ። ዌይበርን ከተማ ስንደርስ የእግር ጣቶችህ ነጭ ሆነው ነበር። መጥታ እንድትወስድህ ለላሪሳ ደወልክላት። "አንቺን እችልሻለሁ ቨርና፤ ዱባን ግን አልቻልኳትም" አልክ። እኔም ተናድጄ "እንግዲያው ውረድ!" አልኩህ። ወረድክ። እውነቱን ልንገርህ፣ እንድትወርድ ፈልጌ አልነበረም።

አሪዞና ፀሐይዋ እንደ ድሮው ነበረች። ግን አንድ ነገር ደረሰብኝ፤ እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈስኩትም። የዱባን ማራገቢያ በከፈትኩ ቁጥር አንተ ትሸተኛለህ። አዎ፣ አንተ! ያ በፀጉር ቤትህ የምትጠቀምበት አረንጓዴ ሳሙና፣ የከተማው ወንድ ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ አንገቱ ላይ ይዞት የሚወጣው ሽታ። አንተ ስትኖር ከአንተ የመጣ መስሎኝ ነበር። ከወረድክ በኋላ ሲሸተኝ ግን "አበድኩ እንዴ?" አልኩ። አጠፋዋለሁ፣ ቆይቼ ደግሞ እከፍተዋለሁ። ሳቅብኝ ብዬ ነው የምነግርህ፤ አንድ ቀን ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ በሚሯሯጥበት ሐሩር፣ ለሽታው ብዬ ብቻ ከፍቼ ተቀምጫለሁ። ናፍቆት አፍንጫ ላይ እንደሚወጣ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት።

በአፕሪል ስመለስ ላሪሳ ዘንድ ነበርክ። ለፋሲካ መጥተህ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ተገናኘን። "ደህና ነሽ?" "ደህና ነኝ፤ አንተስ?" ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች መሰልን። ቤቴ ገብቼ በራሴ ተናደድኩ።

እና ሐሙስ ዕለት ኮፈኑን ከፈትኩልህ። ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶብስ የነዳሁ ሴት፣ ልጆች እንዳይበርዳቸው ስንቱን ማሞቂያ እንዳልፈታሁ፣ የራሴን እንዴት ዝም ብዬ ተውኩት? እልህ ነው መሰለኝ፤ አንተ ዱባን ስለሰደብክ ጥፋት እንዳለባት ማመን አልፈለግኩም። ኤልመርና ከቡና ጠረጴዛችን የማይጠፋው ክሊፈርድ ቡናቸውን እንደያዙ ከኋላዬ መጡ። ያልተጠራ አማካሪ መቼ ይጠፋል!

"ተርሞስታቱ ነው፤ የውሃው መዝጊያ ተከፍቶ ቀርቶ ሞተሩን ያቀዘቅዘዋል" አለ ክሊፈርድ።

"ምን ተርሞስታት! ውሃው ውስጥ አየር ገብቶ ነው" አለ ኤልመር።

"አንተ ደግሞ የማታውቀው የለ! የራስህ መኪና ከኦገስት ጀምሮ አልተነሣም!"

ሁለቱንም ሠራሁት፣ እንዲያርፉ። የራዲያተሩን ውሃ ሞላሁ፣ አፍንጫዋን ወደ ዳገት አዙሬ አየሩን አስወጣሁ፣ ተርሞስታቱን ቀየርኩ፣ ራዲያተሩ ፊት ካርቶን አቆምኩ። የሙቀት መለኪያው እስከ መሐል ወጣ። ጋቢናው ግን ያው ነው። ኤልመር ተስፋ ቆርጦ "ዕድሜ ነው ቨርናዬ፣ እኛስ መች እንሞቃለን" ብሎ ወደ ቡናው ተመለሰ።

ቅዳሜ ከክሊፈርድ ጋር እንደገና ገባሁበት። ወደ ማሞቂያው የሚገባውንና የሚወጣውን ጎማ ቱቦ ጨበጥኩ። ሁለቱም መዳፌን ለበለቡኝ! ስለዚህ ሙቅ ውሃው ይደርሳል ማለት ነው። ከዚያ ዳሽቦርዱ ቀዳዳ ላይ ሶፍት ያዝኩ፤ ማራገቢያው እስከ ጥጉ ተከፍቶ ሶፍቱ ንቅንቅ አይልም። "ክሊፈርድ! ሙቀቱ አለ፤ አየር ነው ያጣችው!" ብዬ ጮህኩ። ዱባ ደግሞ ለማሞቂያዋ አየር የምትስበው ከውጪ ነው፣ ከመስታወት መጥረጊያው ሥር ካለው ሰፊ ቀዳዳ። መሰላል ላይ ወጥቼ ክዳኑን በካቻቢቴ ፈታሁ፣ ክሊፈርድ ባትሪ አበራልኝ።

ውስጡ የሆነ ግራጫ፣ ጸጉራም፣ ወፍራም ነገር ተጋድሟል።

ኦረስት፣ ከመሰላሉ አልወረድኩም። በረርኩ! በጀርባዬ በረዶው ላይ ወድቄ "አይጥ! አይጥ!" እያልኩ ስጮህ መንደሩ ሰማኝ። አንተ ብቻ የምታውቀው ምስጢሬ እዚያው አበቃ። ክሊፈርድ ሆዱን ይዞ ሲስቅ ቆየና በፒንሳ ያንን ነገር ጎተተው። ረዘመ። ደግሞ ረዘመ። ጫፉ ላይ ቀይ መስመር ነበረው።

"ቨርና፣ አይጥ ካልሲ ማድረግ የጀመረው መቼ ነው?" አለኝ።

ሁለተኛውንም አወጣው። በውስጣቸው ዕቃ መፈተጊያ ሽቦ ተጠቅጥቋል። ሲያራግፋቸው ከእያንዳንዳቸው አንድ አንድ አረንጓዴ ሳሙና ጭኔ ላይ ዱብ አለ። ሸተተኝ። በረዶው ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ።

ሁሉም ነገር መጣልኝ። ያን ሴፕቴምበር፣ አዝመራው ታጭዶ አይጦቹ ከእርሻ ወደ ቤት ሲሸሹ፣ አንዷ ከዱባ መሳቢያ ዘልላ ስትወጣ እኔ ግቢው ጠረጴዛ ላይ ቆሜ ስንቀጠቀጥ ያገኘኸኝ አንተ ነህ። "አንዲት አይጥ ብትደገም ዱባን እሸጣታለሁ፤ አሪዞናም ይቀራል! ለማንም ትናገርና! ለእኔም እንዳታነሣብኝ!" አልኩህ። አላነሣህም። ዝም ብለህ እያንዳንዱን ቀዳዳ ደፈንክ። ለትልቁ ቀዳዳ ሽቦው ሳይበቃህ ሲቀር፣ የሱፍ ካልሲህን ከእግርህ አውልቀህ፣ አይጥ ይጠላዋል የሚባለውን ሳሙናህን ጨምረህ ጠቀጠቅክበት። የመኪና ነገር ስለማታውቅ ያ ቀዳዳ የማሞቂያዋ አፍንጫ መሆኑ አልገባህም። ከዚያ በስስ ካልሲ አጠገቤ ተቀምጠህ ጣትህ እስኪነጣ ሲበርድህ፣ እኔ ስስቅብህ፣ ቃልህን ጠብቀህ "ጠፋ" አልከኝ። አንጀቴን በላኸኝ ኦረስት። እየሳቅኩ አለቀስኩ፣ እያለቀስኩ ሳቅኩ። ክሊፈርድ ደንግጦ "ወገብሽ ነው እንዴ?" ይለኛል።

ወዲያው ሞተሩን አስነሣን። ረጅሙ የእህል ጎተራ ጋ ሳንደርስ ክሊፈርድ ኮፍያውን አወለቀ። መስቀለኛው መንገድ ላይ ኮቱን። ቀጥሎ "ኧረ ቀንሺው አንቺ ሴትዮ፣ ተቀቀልኩ!" ብሎ ጮኸ። መሪውን እየደበደብኩ ዘፈንኩ። ጥሩምባ እየነፋሁ ከተማውን ሁለት ጊዜ ዞርኩት፤ ኤልመር ሰው ያገባ መስሎት ወጥቶ እጁን አውለበለበልን።

አሁን ስማኝ። ያን ቀዳዳ ባዶውን አልተውኩትም፤ ደህና የሽቦ ወንፊት ገጥሜበታለሁ። አየር ይገባል፣ አይጥ አይገባም። ስለዚህ አይጥ የሚከላከልልኝ ሰው አያስፈልገኝም። ማሞቂያውንም ራሴ ሠርቼዋለሁ፣ መንዳቱንም እችላለሁ። አንተን የምፈልግህ ለምንም ሥራ አይደለም። አጠገቤ ተቀምጠህ ስታጉረመርም ልሰማህ ነው የምፈልገው። እወድሃለሁ። ይኸው፣ በዚህ ዕድሜዬ ጻፍኩት።

ይህን ደብዳቤ ኤልመር ነገ ለዓይኑ ሕክምና ሬጃይና ሲሄድ በእጁ ያደርስልሃል። እንዳይከፍተው አስምዬዋለሁ፤ ፖስታው እርጥብ ከሆነ ግን በእንፋሎት ከፍቶት ነውና ሰላምታዬን አቅርብለት። ዓርብ እንዳትፈርም። ቤትህ ይቆይ፤ አፕሪል ስንመለስ የማን ቤት እንደምንገባ ያን ጊዜ እንጣላበታለን። ለላሪሳ ደግሞ አባቷን በደህና አሪዞና ይዤ እንደምሄድ፣ በየከተማው እንደማስደውልህም ንገርልኝ።

ካልሲዎችህን አጥቤ እዚሁ ፊቴ፣ ዳሽቦርዱ ቀዳዳ ላይ አስጥቻቸዋለሁ። የሳሙናው ሽታ አለቀቀም፤ እንዲለቅም አልፈለግኩም። የፊታችን ሐሙስ ጠዋት ላሪሳ በር ላይ ጥሩምባ ስትሰማ ባዶ እግርህንም ቢሆን ውጣ። ካልሲህ ጋቢና ውስጥ ሞቆ ይጠብቅሃል።

አይጥ ፈሪዋ፣
ቨርናህ