መቀሱ ያለው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው

መስከረም 20

ዛሬም ሹራብ ሳጥፍ ዋልኩ። ትናንትም ሹራብ። ከየት ከየት እንደተለገሰ እንጃ፣ ክምሩ አያልቅም። ግማሹ እጅጌው የተቀደደ፣ ግማሹ የሰው ላብ የሚሸት። ባሕር ተሻግሬ የመጣሁት ለዚህ ነው? ፀጉር ሠሪ ነኝ እኮ። የራሴን ፀጉር ቤት ለእህቴ ትቼ፣ በበጎ ፈቃድ ሴቶችን ሙያ አስተምራለሁ ብዬ የመጣሁ። እህቴ ስትሸኘኝ "ዕረፍት አምሮሽ ነው እንጂ ለጽድቅ አይደለም" ብላኝ ነበር። መጥታ ዕረፍቱን ባየችው።

የማዕከሉን አስተባባሪ ጠየቅኳት። ስሟን ስትነግረኝ አልያዝኩትም፤ በልቤ ፈገግታ ብያታለሁ። ምንም ብትነገር ፈገግ ነው። "ክፍሉ እየተዘጋጀ ነው" አለችኝ። ፈገግ። የቱ ክፍል? ሹራቡ የተከመረበት እኮ ነው ክፍሉ።

መስከረም 24

ተጀመረ፣ እሰይ። ማንንም ሳልጠይቅ ሹራቡን ወደ ግድግዳ ገፋሁትና ወንበር ደረደርኩ። ቋንቋቸውን እንደ ነገሩ ነው የምሰማው፣ ግን በእጅም በአፍም ብለን እንግባባለን። ሴቶቹ ጨዋታ ያውቃሉ። ደንበኛ አልቀመጥ ሲል ሀገር ቤት የምለውን አስተማርኳቸው፤ "አንገት ቀጥ፣ ወሬ በኋላ።" በየተራ እየተቆጡ ሳቁ። አንዷ ብቻ አትስቅም፣ አትጠይቅም። ከኋላ ተቀምጣ እጄን እጄን ታያለች። ዝምተኛዋ ብያታለሁ።

መቀስ ግን የለም። የራሴን መቀስ፣ በፎጣ ጠቅልዬ ያመጣሁትን፣ በመጣሁ ቀን በር ላይ ወሰዱት። ፈገግታ ቢሮ ያለው ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ለምን? "ለደህንነት።" ስለታም ነገር ክፍል አይገባም። ታዲያ ፀጉር መቁረጥ በምን ላስተምር? በጸሎት? ሁለት ጣቴን ከፈት ዘጋ እያደረግኩ አስተማርኩ። እነሱ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ጥቅምት 1

እስካሁን አልበረደልኝም።

ረጂዎች ሊጎበኙን መጡ። ስጦታም ይዘዋል፦ ለመለማመጃ የሚሆን ባለ ረጅም ፀጉር የአሻንጉሊት ጭንቅላት። አንድ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። በየተራ ትንሽ ትንሽ ብንቆርጥ ለተወሰነ ጊዜ ይገፋናል ብዬ አሰብኩ። ፈገግታ ሄዳ ቁም ሳጥኑን ከፈተች። መቀሴ ወጣ። ለማን? ለክብር እንግዳው። ሰውየው ከረባቱን ወደ ትከሻው ወርውሮ አሻንጉሊቷን ከጆሮዋ በላይ ከረከማት። ፎቶ። "በዚህ በኩል ይድገሙልን፣ ብርሃኑ ጥሩ ነው።" ደገመላቸው። ሲጨርስ አይጥ የበላት መስላለች። ጭብጨባ። መቀሱ ተመልሶ ተቆለፈ።

የአሻንጉሊት ፀጉር እንደማያድግ የሚነግራቸው ሰው የለም?

ጥቅምት 4

አውቶቡስ መቆሚያው ጋ አንድ ፀጉር ቤት አለ። የሻምፖው ሽታ ጠራኝና ገባሁ። ባለቤቷ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፣ ወገባቸውን ይዘው ነው የሚያወሩት። ወሬ ወሬን ሲያመጣ፣ ሠራተኛቸው አግብታ እንደሄደች ነገሩኝ። ወንበሩ ባዶ ነው። ከላይ ያለችው ትንሽ ክፍልም የምትሰጠው ወንበሩን ለያዘ ነው። "አንዲት ልጅ አለችኝ" አልኳቸው፣ ሳላስበው። "እጇን ልየው" አሉ። "ሰኞ ይዘሻት ነይ። የምትቆርጠውን ጭንቅላትም ይዛ ትምጣ። ደንበኛዬን ለተማሪ አልሰጥም።"

ለዝምተኛዋ ስነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ፈታች። ባሏ ጥሏት ሄዷል። ከትንሿ ልጇ ጋር የምታድረው የባሏ እህት ቤት፣ ኮሪደር ላይ። የወጣ የገባው እየተራመዳቸው። በወሩ መጨረሻ ውጡ ተብለዋል። "በር ያለው ክፍል ነው?" አለችኝ። በር ያለው ነው አልኳት። ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

ጥቅምት 5

ፈገግታ ቢሮ ገባሁ። እስከ ሰኞ መቀሴን ስጪኝ። "ኮሚቴው ሲሰበሰብ አቀርበዋለሁ።" መቼ ነው የሚሰበሰበው? "በሚቀጥለው ወር።" ልጅቷ ሜዳ ላይ ልትወድቅ ነው እኮ የምልሽ። "ስሜትሽን እረዳዋለሁ።"

ቱግ አልኩ። ስሜቴን ተዪውና መቀሴን ስጪኝ አልኳት፣ ሕንፃው በሙሉ እስኪሰማ። ፈገግ አለች። በሩን ድርግም አድርጌ ወጣሁ። እርር ድብን ብዬ ገበያ ሄድኩና አቅሜ የፈቀደውን መቀስ ገዛሁ። ፀጉር አይቆርጥም፣ ያኝካል። ይሁን።

ጥቅምት 6

ዝምተኛዋ ከነልጇ ማደሪያዬ መጣች። ከዚያ የተረገመ ክምር ያመጣሁትን ሹራብ ተረተርንና ክሩን ወንበሩ መደገፊያ ላይ አንጠለጠልነው። ቆረጠች። ሌላ ተረተርን። ቆረጠች። ለካ ሹራቡም ሥራ ነበረው።

እጇ ጥሩ ነው፣ ግን ትፈራለች። ጫፍ ጫፉን ነካ ነካ። "ያዢው እንጂ፣ አይነክስሽም" ብዬ ጮህኩባት። አፌ ክፉ ነው፣ አውቃለሁ። ምን አጠፋች እሷ? የቁም ሳጥኑን ንዴት ነው እሷ ላይ የተወጣሁት። ጠበቅ አድርጋ ያዘችው።

ጭንቅላቱስ ከየት ይምጣ? ከክፍሉ ሴቶች አንዷም እሺ አላለችም። አልፈርድባቸውም። መስታወት ፊት ቆሜ ፀጉሬን ፈታሁት። ወገቤ ድረስ ይመጣል። ሀገር ቤት ደንበኛ የሚመጣልኝ እሱን አይቶ ነው... ምን ይደረጋል።

ጥቅምት 8

ፀጉሬ የለም።

ከዝምተኛዋ ጋር የተነጋገርነው እስከ ትከሻዬ ነበር። ፀጉር ቤቱ ወንበር ላይ ፎጣውን ስታለብሰኝ፣ ሁለቴ ፈትታ እንደገና ስታስረው በመስታወቱ አያታለሁ። ገና በመጀመሪያው፣ ከግራ ጆሮዬ ሥር ገመሰችው። ደሜ ፈላ። አፌን ልከፍት ስል ባለቤቷ ቀደሙኝ። "አንቺ ዝም በይ። ዛሬ ጭንቅላት ነሽ እንጂ አስተማሪ አይደለሽም።" ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። እኔ... ዝም።

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። ከኋላ ዞራ አየችኝ፣ በማበጠሪያው ለካች፣ ከዚያ የተሳሳተችበት ድረስ ሁሉንም ታሳጥረው ጀመር። ዙሪያውን፣ ቀስ ብላ። መሬቱ በፀጉሬ ተሸፈነ። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፣ በንዴት ይሁን በምን እንጃ።

ባለቤቷ ማጅራቴን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። "ግራው ትንሽ ይቀረዋል" አሉ። ወደ እሷ ዞሩና፣ "ሲሳሳት የማይበረግግ ሰው ነበር የምፈልገው። ነገ ዕቃሽን ይዘሽ ነይ" አሏት።

እማዬ በምስል ደወለች። ዓይኗ ፈጠጠ። "ማን ሞቶብሽ ነው የተላጨሽው?" ማንም አልሞተም። እስክታምነኝ ስንቱን መሐላ ማልኩ።

ጥቅምት 11

ፈገግታ አስጠራችኝ። ጥፋቴ ብዙ ነው። ተማሪ ያለ ፈቃድ ይዤ ወጥቻለሁ። ስለታም ነገር ሰጥቻለሁ። የማዕከሉን ሹራብ ተርትሬያለሁ። ስለዚህ ቆይታዬ እዚህ ላይ ያበቃል። "ላበረከትሽው ሁሉ እናመሰግናለን።" ፈገግ።

ልወጣ ስነሳ፣ "ልጅቷ ሥራ መያዟን ሰምተናል፣ ደስ ብሎናል። ስትሠራ የተነሳችው ፎቶ ካለሽ ላኪልን፣ ለረጂዎቹ እናሳያለን።"

ምን አልኳት? ብዙ። እዚህ አልጽፈውም፣ ድንገት እማዬ ብታነበው...

ጥቅምት 13

መኪና ውስጥ ነው የምጽፈው። መቀሴ አብሮኝ የለም።

ጠዋት ዘበኛው በር ላይ መልሶልኝ ነበር፣ ከነፎጣው። ስሄድ ጊዜ አደገኛ መሆኑ ቀረ ማለት ነው። ሻንጣዬን እየጎተትኩ ፀጉር ቤቱ ጋ ስደርስ ልሰናበታት ገባሁ። ዝምተኛዋ አንዲት ለፍላፊ ሴትዮ ይዛለች። ሴትዮዋ ወዲያ ትዞራለች፣ ወዲህ ትዞራለች። "አንገት ቀጥ፣ ወሬ በኋላ።" የእኔው ንግግር፣ ከነቁጣው። ሴትዮዋ ቀጥ አለች።

ከላይ በር ተዘጋ። ተከፈተ። እንደገና ተዘጋ። ቀና ብዬ ሳይ፣ "ልጄ ናት" አለችኝ። "ከገባን ጀምሮ ሥራዋ ይሄው ነው።"

ሴትዮዋን ሸኝታ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረችው። "ግራሽ ተንጋዷል። ተቀመጪ።" መኪና ሊያመልጠኝ ነው አልኳት። "ተቀመጪ አልኩሽ።" መቀሴን ከፎጣው ፈትቼ ሰጠኋት። ስለ ፈገግታ፣ ስለ ፎቶው፣ ስለ መባረሬ የምነግራት ነገር ጉሮሮዬ ድረስ ሞልቶ ነበር። አፌን ከፈትኩ።

"አንገት ቀጥ" አለችኝ።

ቀጥ አልኩ።