ከሰርግሽ የቀረሁበት እውነተኛ ምክንያት

ለታላቅ እህቴ ለብሮና፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ እታለም? ጤናሽ እንዴት ነው? ዓሣ ፋብሪካው ውስጥ በብርዱ ሲቆረጥምሽ የነበረው እጅሽ ተሻለሽ? አዲሱ ትዳርስ እንዴት ይዞሻል? ባለቤትሽ ኮርማክ ባሕር ወጥቷል ወይስ ማዕበሉ ወደብ ላይ አውሎታል? እማዬስ ሳሏ ተዋት? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እሮጣለሁ። «ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩም» ብዬ እንዳልጽፍልሽ ግን መዋሸት መሮኛል። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናብ አውርተን ዘጋን።

ስለ ሰርግሽ ነው። አባዬ የለምና ክንድሽን ይዤ ቤተ ክርስቲያን የማስገባሽ እኔ ነኝ ብዬ ቃል የገባሁልሽ ሳትጠይቂኝ ነበር። ሰርጉ ቅዳሜ፣ አውሮፕላኑ ዓርብ ማታ፤ ትኬቱ ተቆርጧል፣ ሱፉም ተሰፍቷል። ከዚያ ዓርብ ቀን ላይ ደወልኩና «አሰልጣኙ ከለከሉኝ» አልኩሽ። አንቺም «አይዞህ ኦራን፣ ሥራህ አይደል፣ ምን ታደርግ» አልሽኝ።

ብሮና፣ ማንም አልከለከለኝም።

እዚህ እንግሊዝ ከመጣሁ አራት ዓመቴ ነው። አንዱን ዓመት ጉልበቴን ታምሜ ተኛሁ፣ አንዱን ለትንሽ ክለብ በውሰት ተሰጠሁ፣ የቀረውን ተቀያሪ ወንበር ላይ ጃኬቴን እስከ አፍንጫዬ ቆልፌ አሳለፍኩ። ዋናው አጥቂያችን ፔሪ እያለ እኔን የሚያስታውሰኝ አልነበረም። በዚያ ዓርብ ጠዋት ልምምድ ላይ ፔሪ ታፋውን ይዞ ወደቀ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እሱ ሣሩ ላይ ሲጮህ እኔ የነገው ቦታ የማን እንደሚሆን አስብ ነበር።

አሰልጣኛችንን ሚስተር ሄስኬትን ታውቂያቸዋለሽ፤ በቴሌቪዥን ሁልጊዜ የተቆጡ የሚመስሉት ሽማግሌ። ጠሩኝና «አንተ ሂድ፣ ቃል ሰጥቼሃለሁ» አሉኝ። «ከተስፋ ቡድኑ አንዱን አሰልፋለሁ። ጨዋታ በየሳምንቱ አለ፤ እህትህ የምትዳረው አንዴ ነው።» እኔ ግን «እቀራለሁ፤ እህቴም ፈቅዳልኛለች» አልኳቸው። «ጠይቀሃታል?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። ስልኩን ያነሳሁት ከዚያ በኋላ ነው። እሳቸውን በአንቺ ስም ዋሸሁ፣ አንቺን በእሳቸው ስም።

የጨዋታውን ነገር ታውቂዋለሽ። ሰማንያ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ከቀኝ የተሻገረችውን ኳስ በግንባሬ ገጨኋት፤ አንድ ለባዶ አሸነፍን። አጎታችን ፍራንሲ የላከልኝን ቪዲዮ ማታ ከፈትኩት። ሙዚቀኞቹ ጨዋታቸውን አቁመዋል፣ እንግዳው ሁሉ አንድ ስልክ ላይ ተኮልኩሏል፤ አንቺ በነጭ ቀሚስሽ ወንበር ላይ ወጥተሽ «ወንድሜ ነው! ያ የኔ ወንድም ነው!» እያልሽ ታጨበጭቢያለሽ። ፍራንሲ ቢራውን ከፍ አድርጎ «ልጁን ከእህቱ ሰርግ ያስቀረው እንግሊዛዊ፣ ዕድሜ ልኩን የሚጠጣው ሻይ ቀዝቃዛ ይሁንበት!» ብሎ ይራገማል፤ ሰዉም «አሜን!» ይላል። መጨረስ አቃተኝ፤ ዘጋሁት። ፍራንሲ «እኔ ላስገባሽ» ቢልሽ «የኦራን ቦታ ነው» ብለሽ ብቻሽን እንደገባሽ የሰማሁት ደግሞ በማግስቱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያ ቀዩ ቫን ከዓይኔ አይጠፋም። ልጅ ሳለሁ ማክሰኞና ሐሙስ ከፋብሪካ ወጥተሽ፣ የሥራ ልብስሽን እንኳ ሳትቀይሪ በእሱ ሌተርኬኒ ከተማ ድረስ ለልምምድ ታደርሺኝ ነበር። አንድ ቀን «ከበሩ ራቅ አድርገሽ አቁሚ፣ ዓሣ ዓሣ ትሸታለህ እያሉ ይስቁብኛል» አልኩሽ። «እሺ፣ ልዑል ሆይ!» ብለሽ ሳቅሽብኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ዝናብም ቢዘንብ የምትጠብቂኝ ከአጥሩ ማዶ ነበር። ያኔም ይቅርታ አልጠየቅኩሽም።

እማዬ ለአሰልጣኙ ደብዳቤ መጻፏን ምናልባት አታውቂም። በዚህ ሳምንት ሰኞ ቢሯቸው ጠሩኝ። «የእናትህ እጅ ጽሑፍ ያምራል። በል አንብብልኝ፣ መነጽሬን ረስቻለሁ» አሉኝ። መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ነበር። አነበብኩ። «ልጄ አባት የላትም፤ እርስዎ ደግሞ ወንድሟን ነፈጓት። ሴት ልጅ ወልደው ያውቁ እንደሆነ አላውቅም» የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

«ሁለት አሉኝ» አሉ ሚስተር ሄስኬት። «ክፉ መባልን ለምጄዋለሁ። ለእናትህ ይቅርታ የምጠይቅበትን ጥፋት ብቻ ንገረኝ።» መሬት መሬት አየሁ። ከመሳቢያቸው አንድ ወረቀት አወጡ። ይቅርታ ጠይቀው ጽፈው ጨርሰዋል! ጥፋቱን ሁሉ ራሳቸው ላይ አድርገውታል። «በልጅ ላይ እናቱ ፊት አልመሰክርም» አሉኝ። «እስከ ዓርብ እዚህ ይቆያል። እውነቱን አንተ ከጻፍክላቸው እቀደዋለሁ፤ ካልጻፍክ እልከዋለሁ። በዚህም በዚያም ለቅዳሜው ጨዋታ ተሰላፊ ነህ። ይህ ከኳስ ጋር አይገናኝም።» ቢቀጡኝ ይሻለኝ ነበር እኮ እታለም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ ከሁሉ የሚከብደኝ ይሄ ነው። ያቺን ጎል ሳስባት እስከ ዛሬ ደስ ትለኛለች። ተጸጽቼ እያለሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ኳሷ ግንባሬን ስትነካ ይሰማኛል፣ ፈገግ እላለሁ። ቀኑ ተመልሶ ቢመጣ ያለ ጥርጥር ወደ አንቺ እበር ነበር ብዬ መማል እፈልጋለሁ፤ እጄ ግን መጻፍ እምቢ አለኝ። ቢያንስ እንዳልዋሽሽ።

ዛሬ ጠዋት ለእማዬም ለብቻዋ ጽፌ ጨረስኩ፤ ሁለቱንም አብሬ ፖስታ ቤት አስገባለሁ። ሄጄ ለሚስተር ሄስኬት ነገርኳቸው። ወረቀታቸውን አራት ቦታ ቀደው ቅርጫት ውስጥ ጣሉና «ልምምድ ረፍዶብሃል» አሉኝ።

ይቅር በይኝ አልልሽም። ገና ሳትቆጪኝ ይቅርታ መለመን ሌላ ማምለጫ ሆኖ ታየኝ። ከልብሽ ተቆጪኝ፣ ስደቢኝ፣ ምንም አታስቀሪልኝ። ለገና ሦስት ቀን ፈቃድ አለኝ፤ ከመጣሁ ግን በሩን አንቺ ከከፈትሽልኝ ብቻ ነው የምገባው።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ የጻፍኩላትን ደብዳቤ ስታነብ ብቻዋን አትተያት። ለፍራንሲ እውነቱን አንቺ ንገሪው፤ እኔ ብነግረው አሰልጣኙ አስገድደው ያስባሉኝ ይመስለዋል። ገና እጁን ላልጨበጥኩት ለኮርማክ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ሊቆጣኝ ከፈለገ ተይው፣ አትከልክዪው። ሚስቱ ነሽና ይገባዋል።

በድሎሽ የሚወድሽ ታናሽ ወንድምሽ
ኦራን

ላንካሻየር፣ እንግሊዝ
ሐሙስ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 2023