እኔ የሌለሁበት ፊልም

ይድረስ ለወንድሜ ለምስክር ፈንታ፣ አዲስ አበባ።

እንዴት ከርመሃል? ያ በክረምት ያስቸገረህ የጨጓራ ሕመም ለቀቀህ? ባለቤትህ መሲስ ደኅና ናት? ሕፃኑ ጥርስ አወጣ? የአዲስ አበባ ብርድስ እንዴት ይዞሃል ብዬ አልጠይቅህም፤ መንዝ ያደገ ሰው ስለ ብርድ አይጠየቅም። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን ብዬ እንድጀምር ወጉ ያዘኛል። እንደዚያ ብዬም ጀምሬ ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ። ደኅና አይደለንም፣ ወንድሜ።

ፊልምህን አየን። መሐል ሜዳ ገበያው አጠገብ ያለው ቪዲዮ ቤት በር ላይ «ያልደረቀ ደም፤ ደራሲና አዘጋጅ ምስክር ፈንታ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ሳይ የምሆነውን አጣሁ። የማላውቀውን መንገደኛ ሁሉ «ወንድሜ ነው እኮ!» እያልኩ አስቸገርኩ። አወቀን ከሽመናው ላይ ጎትቼ ያስነሳሁት እኔ ነኝ። የጀመርኩትን የበግ ጠጉር ባና ልጨርስ፣ ሌላ ቀን እናያለን ቢለኝ፣ ባል አይደለህም እንዴ፣ የሚስትህ ወንድም እንዲህ ሲከበር ባና ትቆጥራለህ ብዬ ተቆጣሁት። እናቱን እማማ ጥሩሸዋንም ይዤ ሄድኩ። እሳቸው ፊልም አይተው አያውቁም። ነጠላቸውን ለቅዳሴ እንደሚያደርጉት አስተካክለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

የምናየውን የማውቀው መስሎኝ ነበር። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለህ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ያሳየኸው ትያትር ነዋ! ያኔ ስሙ «የሁለት ቤት እርቅ» ነበር። አባባ በጎልማሳነታቸው ጓሳ ላይ፣ ሣሩ ለሁሉም በተከለከለበት ወራት፣ በአንድ ሸክም ሣር ተጣልተው የአወቀን አባት አቶ ብሩን በዱላ መትተው ገደሉ። ታስረው ከወጡ በኋላ ሽማግሌ ገብቶ ሁለቱን ቤት አስታረቀ፤ እኔም ለደም ማድረቂያ ለአወቀ ተዳርኩ። ትያትሩም በዚያው ሠርግ ነበር የሚያልቀው። ለተመልካች ከማሳየትህ በፊት ከአባባ ጋር ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄደህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብበህላቸው፣ በእርቅ ስለሚያልቅ መርቀው እንደፈቀዱልህ ታስታውሳለህ። እማማ ጥሩሸዋም ፊት ለፊት ተቀምጠው አይተው፣ አልቅሰው፣ ግንባርህን ስመውሃል።

አሁን ግን የጠየቅኸው ሰው የለም። በፊልሙ አባባን የመሰለው ሰው ዱላውን ሲያነሳ እማማ ጥሩሸዋ ዝም ብለው አዩ። የሟች ሚስት ስታለቅስ ግን እሳቸው ራሳቸው ባላቸውን ያለቀሱበትን ሙሾ፣ ቃሉን ሳትለውጥ፣ በሴትዮዋ አፍ አስገብተኸዋል። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት። እጃቸውን ያዝኩና ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ፣ ይታገሡ፣ እርቁ ይመጣል፣ የእኔ ሠርግ ይመጣል አልኳቸው። አልመጣም። የሟች ልጅ አደገ፣ ጠመንጃ ገዛ፣ አባቱን የገደለውን ሽማግሌ በገዛ አውድማው ላይ ተኩሶ ጣለው። ፊልሙም አለቀ። ቤቱ በሙሉ አጨበጨበ።

በስልክ የደወልኩልህ በማግስቱ ነው። «ፕሮዲውሰሩ እርቅ አይሸጥም አለኝ፣ ፊልም ነው እኮ እህቴ» ብለኸኝ መስመሩ ተቋረጠ። ፊልም መሆኑን አጥቼው አይደለም። ግን እዚህ ያለው ሰው ጓሳውን ያውቀዋል፣ ሙሾውን ያውቀዋል፣ አባባንም ያውቃቸዋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ላንተ የተተረተ መሰለኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የሆነውን ልንገርህ። እማማ ጥሩሸዋ ካወለቁት አሥራ ስድስት ዓመት የሞላውን ጥቁር ልብስ ከሣጥን አውጥተው ለበሱ። አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አወቀ በሄደበት ገበያ ሁሉ ይሳለቁበታል። በፊልሙ ያለው ልጅ ወንድ ነው፣ አንተ ግን የአባትህን ገዳይ ልጅ አቅፈህ ትተኛለህ ይሉታል። አጎቱ ኃይለ ኢየሱስ ደግሞ ቤታችን እየተመላለሱ በጆሮው የሚያንሾካሹኩት አላቸው፤ እኔ ስገባ ዝም ይላሉ። አወቀ መኝታውን ለይቶ እናቱ ቤት ማደር ከጀመረ ሦስት ሳምንት ሆነው። አባባ ገብሱን ሊያዩ ብቻቸውን ይወጣሉ፤ እባክዎ ሰው ይዘው ይሂዱ ስላቸው፣ የሚፈራ ዕድሜ የለኝም ይሉኛል። እኔ ግን እፈራለሁ። ሌሊቱን ሳይሆን እሳቸው ማሳ የሚወጡበትን ቀኑን ነው የምፈራው።

ያለፈው እሑድ ሽማግሌዎቹ ከቅዳሴ በኋላ ተሰበሰቡ። በእርቁ ቀን ሁለቱ ቤት ጠመንጃ ተሻግረው፣ ይህን ነገር ዳግመኛ ያነሳ ቤት ደሙን እንደገና እንዳፈሰሰ ይቆጠር ብለው መማላቸውን ታውቃለህ። ጥያቄው፣ ፊልም መሥራት ነገር ማንሳት ነው ወይስ አይደለም የሚል ሆነ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ያስቀኝ ነበር። አንዱ፣ ልጁ አዲስ አበባ ነው ያለው፣ በአፉ ምንም አልተናገረም፣ የተናገረው የቪዲዮው ሣጥን ነው አሉ። ሌላው፣ የተከፈለበት ጨዋታ ነው፣ እንደ አዝማሪ ይታለፍ አሉ። መሪጌታ መርስዔ ኃዘን ግን የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ አሳይተው፣ ይህ ሥዕል አፍ የለውም፣ ያላስተማረው ሰው ግን ከመካከላችሁ ማን አለ ብለው ጠየቁ። በዚያው ተፈረደ፤ ነገሩን ያነሳው የአቶ ፈንታ ቤት ነው ተባለ።

ስለዚህ የኅዳር ሚካኤል ማግስት አንተ ራስህ መጥተህ፣ ድንጋይ በጫንቃህ ተሸክመህ፣ እማማ ጥሩሸዋ እግር ሥር ወድቀህ ይቅርታ ትጠይቃለህ። ካልመጣህ የእርቁ ዋሶች እጃቸውን ያነሳሉ። ዋሶቹ እጃቸውን ካነሱ ምን እንደሚመጣ ላንተ አልነግርህም፤ ፊልም ሠርተህበታል። አባባ ልሸከም እኔ አሉ፣ ያነሳው ይሸከም ተባሉ።

አንድ የሚቆረቁረኝ ነገር ደግሞ አለ፤ ብተወው ያንቀኛል። ከቪዲዮ ቤት ስንመለስ አወቀ ከፊታችን ቀድሞ ሄደ። ከበር ስንደርስ፣ የምሥራች፣ አንቺ የታለሽ፣ እስኪያልቅ ድረስ ስጠብቅሽ ነበር አለኝ። ቀጥሎም፣ ወንድምሽ እኔን የሚያውቀኝ እንደዚያ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ምስክር፣ እኔ ያን ቤት የገባሁት ወድጄ አይደለም። የመጀመሪያውን ዓመት አንድ ማዕድ ላይ ዓይን ለዓይን ሳንተያይ ነው የበላነው። ማዕረግን ስወልድ ነው እማማ ጥሩሸዋ ልጄ ብለው የጠሩኝ። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ክር አንድ ክር እያልኩ ነው የፈተልኩት። አንተ ግን ታሪኩን ስትቆርጥ እኔን ነው የቆረጥከው። ጠመንጃውን ብታስገባ ግድ የለኝም፣ እኔን ለምን አወጣኸኝ? ያስቆጣኝ ይህ ነው፤ ያስለቀሰኝም ይህ ነው።

በል እንግዲህ፣ ሥራ አለብኝ፣ ቀረጻ አለብኝ እንዳትለኝ። ከደብረ ብርሃን የሚነሳውን አውቶቡስ በጧት ያዝ።

እናታችን እማማ ጌታነሽ ጉንጩን ሳሚልኝ ብላኛለች፤ ከሰማች ጀምሮ ጾም ሳይገባ ትጾማለች። አባባ፣ ልጄ አይደንግጥ፣ ድንጋዩ ከእኔ ኃጢአት አይከብድም በይው ብለውኛል። ማዕረግና ታናሽየዋ አማከለች አጎቴ እንዴት ነህ ይላሉ። መሲንና ሕፃኑን ሳምልኝ። እማማ ጥሩሸዋ ሰላምታ አላሉኝም፣ እኔም በስማቸው አልዋሽም። አወቀን ደብዳቤ ልጽፍለት ነው፣ ምን ልበልልህ ስለው፣ ሰላምታ የለኝም አለ። ልወጣ ስል ግን ጠርቶ፣ መንገዱን እንዳይፈራ ንገሪው፣ ከመናኸሪያው የምቀበለው እኔ ነኝ፣ ከእኔ ጋር ሲሄድ የሚነካው የለም አለኝ። በልቡ ያለውን አላውቅም፣ ወንድሜ። ሁለታችሁን ብቻችሁን ግን አልተዋችሁም። እኔም እመጣለሁ፤ ከመናኸሪያው እስከ ቤት በመካከላችሁ ሆኜ እሄዳለሁ።

እህትህ የምሥራች ፈንታ
መንዝ፣ መሐል ሜዳ አጠገብ
ጥቅምት ፲፰ ቀን ፳፻፩ ዓ.ም.