የእኔ ቃል፣ የአደይ ለተብርሃን ፊት

ማክሰኞ፣ የካቲት 11 ቀን 1978

ፈረምኩ። ምን ላይ እንደፈረምኩ እንኳ አላነበብኩም። የአሜሪካ ቴሌቪዥን ሰዎች ስምንት ሰዓት ላይ እዚህ ሆላንድ፣ ሄግ ያለው ቤታችን መጡ፣ ሳሎናችንን በመብራት አጥለቀለቁት፣ ወረቀት ሰጡኝ፣ ፈረምኩ። ያስተረጎመልኝ ዴልፍት የሚማረው ሰለሞን ነው፤ የባለቤቴ የታደለ አብሮ አደግ። «ስለ ስደተኞች ነው ፕሮግራሙ፣ የሆንሽውን ንገሪያቸው» አለኝ።

ነገርኳቸው። ወንድሜ መስፍን አዲስ አበባ ከቤት እንዴት እንደተወሰደ፣ የት እንደታሰረ፣ የወሰደው የቀበሌ ሹም ማን እንደሆነ። ስም በስም። ሦስት ዓመት አፍኜው የኖርኩት በአንድ ከሰዓት ዝርግፍ አለ።

ስለ መስፍን ልጀምር ስል ናሆም አለቀሰ። አራት ወሩ ነው፣ ረሀብ አይችልም። ጡቴን አውጥቼ እያጠባሁት ወሬዬን ቀጠልኩ። አደይ ለተብርሃን፣ በትግርኛ «እናቴ» የምላቸው የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን፣ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። አይዞሽ እንዲሉኝ ነው የጠራኋቸው። አንድ ቃል አልተናገሩም፤ እንባቸውን ብቻ በነጠላቸው ይጠርጋሉ።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ነው የባነንኩት። ፊቴ! እኔና መስፍን ቁርጥ አንድ ነን። መንታ ናችሁ ወይ የማይለን ሰው አልነበረም።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

ታደለ ከቭላርዲንገን ከፋብሪካ ሲመለስ ነገርኩት። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» አለና ምግቡን ገፍቶ ተነሳ።

ማን ሊያየው ይችላል?

– ዋሽንግተን ያለው ኤምባሲ።
– አሜሪካ ያለ አበሻ ሁሉ። በቪዲዮ ካሴት ይቀዱታል፣ ካሴቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ አዲስ አበባ ይገባል።
– እዚሁ ሄግ ያሉ፣ ስማቸውን የማልጽፈው ሰዎች።
– የቀበሌው ሹም ራሱ። እሱ ካየ መስፍንን... አልጽፈውም።

ዛሬ ወተቴ እምቢ አለ። ናሆም ይስባል፣ ይተዋል፣ ያለቅሳል። እኔም አብሬው አለቀስኩ።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

በስልክ መናገር ስለፈራሁ ናሆምን አዝዬ በትራም ዴልፍት ድረስ ሄድኩ። የከተማው ቦይ ውሃ በረዶ ሠርቷል። ሰው እየተንሸራተተበት ይስቃል። ሰው እንዴት ይስቃል አልኩ።

ፊቴን እንዲሸፍኑልኝ ሰለሞንን ለመንኩት። ሰዎቹ አምስተርዳም ናቸው፣ ፊልሙን እዚያ ሆነው እየቆራረጡ ነው። አለቃቸው ለሆነችው አሜሪካዊት ደወለላት። ብዙ አወሩ። እኔ የእሱን ፊት ፊት ነው የማየው። ዘጋው።

«ፊት ካልታየ ተመልካች አያምንም ነው የምትለው። ደግሞም ፈርመሻል።»

የእኛ አገር ሳንሱር ቢሆን ከተናገርኩት አንዷን ቃል አያሳልፋትም ነበር። ስረግመው የኖርኩትን ሳንሱር ዛሬ ናፈቅኩት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 14

ተመስገን! ተመስገን! ሰለሞን ደወለ። በእኔ ምስል መጠቀም አልቻሉም። ምክንያቱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ጡቴ! ስለ መስፍን ባወራሁበት ጊዜ ሁሉ ናሆም ሲጠባ ነበር፤ ካሜራው ደግሞ ራቅ ብሎ ስለተተከለ ሁሉም ነገር ይታያል።

ሰለሞን አስረዳኝ። አሜሪካ ውስጥ ጣቢያ የሚሠራው መንግሥት በሰጠው ፈቃድ ነው። በራት ሰዓት ጡት ከታየ ሰው አቤቱታ ይጽፋል፣ ሳሙናውን የሚያስተዋውቀው ኩባንያም ማስታወቂያውን ያነሳል። ጣቢያው ይህን ስለሚያውቅ ማንም ሳይከለክለው ራሱ ይቆርጠዋል። «ማጥባት አይታይ የሚል ሕግ መኖሩን እንጃ፤ ፍርሃቱ ነው ሕጉ» አለኝ።

«የተራቡ እናቶች ሲያጠቡ ያሳዩ የለም ወይ?» አልኩት።

ሳቀ። «አንቺኮ ሹራብ ለብሰሽ ሶፋ ላይ ነሽ። ተርበሽ ቢሆን ያሳዩሽ ነበር።»

ነገሩ ቢያናድደኝም ለዛሬ ይሁን። እዚህ ሆላንድ ራቁት ሴት ቴሌቪዥን ላይ ስትወጣ ታደለ ዘሎ የሚያጠፋው ነገር ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅኩ። የናሆምን እግር ደጋግሜ ሳምኩት። ወተቴም መለስ ብሏል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ደስታዬ አንድ ቀን አልሞላም።

ሰለሞን ወረቀት ይዞ መጣ። ወረቀቱ ለእኔ አይደለም፣ ለአደይ ለተብርሃን ነው። ለካ ቃሌን አልጣሉትም። ሌላ ሴት ስሞቹን ብቻ ዘላ በእንግሊዝኛ ታነበዋለች፤ የሚታየው ደግሞ የአደይ ፊት ነው፣ እንባቸውን ሲጠርጉ። ያየ ሁሉ ተናጋሪዋ እሳቸው ናቸው ይላል። ልጃቸው ደግሞ አዲስ አበባ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው የሚሠራው። ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት።

«ሳይፈርሙ አያሳዩዋቸውም፣ ክስ ይፈራሉ» አለ ሰለሞን። «አንቺን ያምኑሻል፣ አንቺ ስጫቸው። እሳቸው ካልፈረሙ ሰኞ መጥተው አንቺን ያለ ሕፃኑ ይቀርፁሻል። እምቢ ካልሽም ከድሮው ላይ ፊትሽን ብቻ አጉልተው ያወጡታል፣ ቢደበዝዝም።»

አደይ እንግሊዝኛ አያነቡም። «እዚህ ጋ ይፈርሙ» ካልኳቸው ይፈርማሉ። ናሆምን ስወልድ እናቴ በሌለችበት ያረሱኝ እሳቸው ናቸው።

ደረጃውን ሁለት ጊዜ ወጣሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ በሩን ሳላንኳኳ ተመለስኩ። እውነቱን ልጻፍ፦ በሁለተኛው የወጣሁት ላስፈርማቸው ነበር።

እሑድ፣ የካቲት 16

ጠዋት ወጥቼ ነገርኳቸው። ሁሉንም፣ ትናንት ላደርግ የነበረውንም ጭምር።

ናሆምን ከጀርባዬ አውርደው ታቀፉት።

«ጓለይ፣ እኔ አልፈርምም። ልጄን አላስበላም» አሉ። ልጄ ሊሉኝ ሲፈልጉ በትግርኛ ነው የሚሉኝ። ዛሬ ግን እንዲህ ብለው ይጠሩኛል ብዬ አልጠበቅኩም።

አለቀስኩ።

«ምን ያስለቅስሻል? ፈላጊዎቹ እነሱ አይደሉም እንዴ? ጀርባሽን ይቅረፁ፣ በያቸው።»

ይህ እንዴት ሳይታየኝ ቀረ? ወርጄ ለሰለሞን ደወልኩ። ከጀርባ ብቻ፣ ስም አይጠራም፣ የድሮው ፊልም ይጣል አልኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መለሰልኝ። አሜሪካዊቷ ከደብዛዛ ፊት ጀርባ ይሻላል ብላ ተስማምታለች። ነገ አራት ሰዓት ላይ ይመጣሉ። የድሮውን ለመጣላቸው ግን እነሱም ይፈርሙልኝ ብያለሁ፤ ለዚህ ገና መልስ የለም። እስኪመልሱ ልቤ አያርፍም።

የምናገረውን ከታደለ ጋር ስለማመድ ዋልኩ። የሹሙ ስም የለም። የእስር ቤቱ የለም። መስፍን ላለማለት «አንድ እስረኛ» እንድል ተስማምተናል። ሦስት ጊዜ ሞከርኩት። ሦስቱንም ጊዜ «አንድ እስረኛ» ካልኩ በኋላ ቀጥሎ የምለው ጠፋኝ።