አባዬን ያስቆረጥኩት ዋንዛ

የካቲት 7
ከሚዛን ሸኮ ገባሁ፣ አባዬን ልጠይቅ። በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። "አልአዛር! መምህርቷ መጣች!" ብሎ ወደ ጎረቤት ጮኸ። ማስተማር ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ፣ አሁንም አልወጣለትም... አፈርኩ። ደስም አለኝ።

የካቲት 8
ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጓሮ ገባን፣ ስድስት ሰዓት ግድም። እማዬ የተከለችው ቡና! ቅጠሉ ተጨማዷል፣ ጫፉ ቢጫ ሆኗል። ሰማይ ላይ ደመና የሚባል የለም። "ድሮ የካቲት እንዲህ አይነድም ነበር" አለ አባዬ።
መሃል ላይ የሁለት ዋንዛ ዛፎች ጉቶ። አባዬ ቀፎ የሚሰቅልባቸው ነበሩ። ኅዳር ላይ ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ። "ብርሃን ለቅጠል ምግቡ ነው፣ ጥላው ይነሳለት" ብዬ።

የካቲት 9
ክፍል ገባሁ። የዛሬው ትምህርት ብርሃን አስተጻምሮ... ጉድ እኮ ነው። ሙቀት ሲበዛ ቅጠሉ ውሃው እንዳያልቅበት ቀዳዳዎቹን ይዘጋል። አየር አይገባም። አየር ከሌለ ብርሃኑ ብቻውን ምን ይሠራል? ፀሐይ ላይ ቆሞ ይራባል። ይህን ፈተና ላይ አውጥቼዋለሁ! ለአባቴ ሲሆን የት ሄደ?
ቡናው ቢደርቅስ? ከእማዬ የቀረን እሱ ብቻ ነው።

የካቲት 14
ሸኮ ተመልሼ ነገርኩት። "አባዬ፣ አጥፍቻለሁ።"
"አውቃለሁ።"
"ምኑን?"
"ጥላ የሌለው ቡና ቀትር ላይ ሥራ ያቆማል። አባቴ ነው ያሳየኝ።"
"ታዲያ ለምን ቆረጥክ?"
"አንቺ አልሽኛ! ልጄን አስተምሬ መልሼ ልከራከራት?"
አለቀስኩ። እሱ ሳቀብኝ። "ተይ እንጂ። ዝናቡ ይምጣ፣ እንሰት እንተክላለን። ቅጠሉ ቶሎ ይሰፋል።"

መጋቢት 5
ዘነበ። በየመሃሉ እንሰት ተከልን። ወገቤን!

ሰኔ 6
አራት እግር ቡና ደርቋል። አንጀቴን በላው። የቀረው ግን አዲስ ቅጠል አውጥቷል፣ እንሰቱ ሥር። ቀትር ላይ ዳሰስኩት፣ ለስላሳ ነው።
አባዬ የዋንዛ ችግኝ ይዞ መጣ። "የት ይሁን?"
"አንተ ታውቃለህ።"
"አይ፣ ንገሪኝ።"
ፈራሁ... ከአጥሩ ጥግ አሳየሁት። አየው፣ አየኝ፣ ራሱን ነቀነቀ።
"እዚያማ አይሆንም። ውሃ ይተኛበታል።"
ዕድሜዬን ሙሉ እንቢ ብሎኝ አያውቅም። አቅፌ ሳምኩት።